የጎተራው አዳማጭ

በዚህ ዓለም ላይ ከልባችን የምናምነው አይተነው የማናውቀውን ነገር ነው። ያየነውንማ እንጠረጥረዋለን። ወተት የሚሸጥልንን ሰው በየማለዳው እናየዋለን፤ ስለዚህ ውኃ ሳይጨምርበት አልቀረም እንላለን። የባንኮች ባንክ የሚባለውን፣ ብር አሳትሞ፣ ባንኮችን ገሥጾ፣ ሲጨንቃቸውም አበድሮ አገር የሚያሳድረውን ያንን ትልቅ ቤት ግን ከደባርቅ ሰው ስንቱ ነው ያየው? እኔ አላየሁትም። ሆኖም የደመወዝ ቀን ከባንክ መስኮት ቀጭን ወረቀት ይሰጡኛል፤ ወረቀቱ ላይ የማላውቀው ሰው ፈርሟል። ወስጄ ለባለሱቁ እሰጠዋለሁ። ባለሱቁም ፈራሚውን አያውቀውም፤ ግን ስኳር ይሰጠኛል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ታውቃላችሁ? ሰው ጨለማን ከሚፈራ ስኳሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቢንቀጠቀጥ ይሻለው ነበር።

ደባርቅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ስለ ማዕከላዊ ባንክ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ተግባራቱን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል። ገንዘብ ማሳተም፣ የዋጋ ንረትን መግታት፣ መጠባበቂያ መያዝ፣ ባንክ ሲጨንቀው የመጨረሻ አበዳሪ መሆን። አንድ ጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እውስጡ በእርግጥ ምን አለ?» አለችኝ። መተማመን ነው ያለው አልኳት። «እሱስ እሺ፣ ከሱ ሌላ?» አለች። ደወሉ ተደወለና አዳነኝ።

እውነተኛውን መልስ በኋላ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጎተራ ነው፤ ያውም ጆሮዬን ለጥፌ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኝ ጆሮዬን ብርድ ብርድ ይለዋል። ሐኪሙ ምንም የለበትም ብሎኛል። እሱ ምን ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ፣ ገደል ጫፍ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ጎጥ ነው የመጣችው። ጎጧን «አፋፉ» እንበላት። እውነተኛ ስሟን ብጽፈው አማቴ ይቀየሙኛል፤ የአማት ቅያሜ ደግሞ በሽማግሌም አይነሣም። አማቴ የጎጧ ሰንበቴ ሙሴ ናቸው። ለከተሜው ላስረዳ፤ ሰንበቴ ማለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውንና ጠላውን ይዞ የሚሰበሰብ ማኅበር ነው፤ ሙሴ ደግሞ የማኅበሩ አለቃ። የኛው ሙሴ ባሕር አይከፍሉም። እንዲያውም ትልቁ ሥራቸው አለመክፈት ነው። የሰንበቴውን ጎተራ ነው የማይከፍቱት።

ጎተራው ከሰንበቴው ቤት ጀርባ ቆሟል። ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ በሣር የተከደነ። ከመከር በኋላ እያንዳንዱ አባል ከምርቱ ገብስ ያገባበታል፤ ከዚያ አፉ ይደፈንና እስከ ሰኔ ማንም አይነካውም። ሰኔ ላይ በረዶ ወይም ውርጭ እርሻውን የመታበት ሰው የሚዘራው ያጣል። ያን ጊዜ ሙሴው ይከፍቱና ዘር ይሰጡታል፤ በመከር ትንሽ ጨምሮ ይመልሳል። ይኸው ነው። የመጨረሻ አበዳሪን ምንነት በብዙ ገጽ የጻፉ ሊቃውንት አንድ እሑድ አፋፉ ላይ ውለው ቢሆን ኖሮ እኔንም ተማሪዎቼንም ባላደከሙን።

እውስጡ ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም። አይቆጠርም። የተቆጠረ እህል በረከቱ ይሸሻል ይላሉ፤ አውድማ ላይ ቆሞ «ስንት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዱላ ባይቀምስ ግልምጫ መቅመሱ አይቀርም። ታዲያ ሰዉ በምን ይተማመናል? እሑድ እሑድ፣ ጸበል ጻዲቁ ካለቀ በኋላ፣ ሙሴው መቋሚያቸውን ይዘው ይነሣሉ። ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። ጎተራውን በሥላሴ ስም ሦስቴ ያንኳኳሉ። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ቀና ይሉና «አለ» ይላሉ። ሕዝቡም «ይኑር» ብሎ ይመልሳል። አበቃ። በዚያች ቃል ሰዉ ሳምንቱን ያርሳል፣ ይዋዋሳል፣ ልጁን ይድራል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያልን በተላላ ሰው እንስቃለን። አፋፎች ግን ያችን የሰማይ ላም ስንት ዘመን ሲያልቧት ኖረዋል።

ታዲያ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። «እውነት?» ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አማች ሆኜ በመጣሁ ሰሞን ለባለቤቴ «ባዶ ቢሆንስ?» ብዬ ላንሾካሹክላት ስል አፌን በእጇ ከደነችው። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ አየሁት፤ ጎተራው በእርግጥም ደስ አይልም። ጭላዳ የገብስ ጠላት ነው፤ ዓይናችን እያየ ከማሳ ላይ ይዘርፈናል። እዚያ ጎተራ ጣሪያ ላይ ግን አንድም ጭላዳ ሲወጣ አላየሁም። ከብቶቹ በዚያ በኩል ሲያልፉ መንገዱን ሰፋ አድርገው ይዞራሉ። ለምን ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ስለ ዝናቡ ያወራኛል።

አማቴን ብትጠይቁ ደግሞ ጭራሽ መልስ የለም። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ በልጅነታቸው ኩፍኝ ነው የወሰደው። ብልህ ሰው ናቸውና ጉዳቱን ወደ ሀብት ለውጠውታል። ደስ የሚያሰኛቸውን በቀኙ ይሰማሉ፤ የማይመቻቸው ጥያቄ ሲመጣ ቀስ ብለው ግራውን ያዞሩለታል። እኔ ሚስቴን ለማግባት የተጠየቅኩትን ጥሎሽ ለማስቀነስ የተከራከርኩት ሙሉ በሙሉ ከግራው ጋር ነበር።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ የማይሆን ነገር ሆነ። አማቴን ጉንፋን ያዛቸውና ድምፃቸው ተዘጋ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዳቸው ተነሡ፤ አንኳኩ፤ አዳመጡ፤ ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም። እንደገና ከፈቱ፤ የለም። ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ። ተበሳጩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የነቀነቁት በጉሮሯቸው ተናድደው ነው። ሰዉ ያየው ግን ሌላ ነው። ሙሴው ጎተራውን አዳመጡ፤ እንባ አነቃቸው፤ «የለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሌላ አገር ቢሆን አንዱ ተነሥቶ «አባታችን፣ ምነው አመመዎት?» ይል ነበር። አፋፉ ላይ ግን ሁለት ጊዜ አይጠየቅም ብያችኋለሁ። «ይኑር» የሚል ጠፋ። ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ፣ አንድ በአንድ ወጥቶ ሄደ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ መቼም ጎተራ አልነበረውም።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ካፍ ያልወጣው ደግሞ ደባርቅ ደረሰ። በገበያው ቀን ለበሶ የሚሆን ገብስ ልገዛ ወጣሁና ደንበኛዬ የሆነችው ነጋዴ የጠራችልኝን ዋጋ ስሰማ የተሳሳተች መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ እንዲህ አልነበረም አልኳት። «እሱ ባለፈው ሳምንት ነዋ መምህር» አለችኝ። ምን ተፈጠረ ብላት ግራ ቀኟን አየችና ጠጋ ብላ፣ የአፋፉ ጎተራ ባዶ ነው መባሉን፣ ሙሴው በሰው ፊት ማልቀሳቸውን ነገረችኝ። አጠገቧ ያለችው ከዳባት የመጣች ነጋዴ ደግሞ፣ እነሱ ጋ የተሰማው ሌላ መሆኑን፣ ከጎተራው ውስጥ የሕፃን ለቅሶ መሰማቱን አስረዳችን። ወሬ ዳባት ደርሶ ሲመለስ ልጅ ወልዶ ነው የሚመለሰው። እኔ የዋጋ ንረት ምክንያቶች ብዬ ስንት ጊዜ ሰሌዳ የሞላሁ ሰው፣ ከምክንያቶቹ መሐል ጉንፋንን አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

አማቴ ታመዋል ማለት ነው ብዬ፣ ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ለምኜ ተሳፈርኩ። መገንጠያው ላይ አወረዱኝ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ ግን የለችም። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ከፊቴ ይውጠዋል። የገዛ ጫማዬ አይታየኝም። ቁራ እንኳ አይጮህም፤ ሌላ ጊዜ በዚህ መንገድ የውሻ ጩኸት ጆሮ አያሰማም ነበር። በዳበሳ ከሰንበቴው ቤት አጥር ደረስኩ። በአጥሩ ጥግ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከዚህ በፊት እዚህ ድንጋይ ነበር እንዴ እያልኩ አልፌያቸው ስሄድ አንደኛው ድንጋይ አሳለ።

ሰዎች ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ከአጥሩ እስከ ጎተራው ድረስ በተርታ ተቀምጠዋል። ማንም አያወራም። እያንዳንዱ ብብት ሥር የተጣጠፈ ባዶ ማዳበሪያ አለ። ሰላምታ ሰጠሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም መጣልኝ፤ ከየትኛው አፍ እንደወጣ ግን አልለየሁትም። የቅርቤ የነበሩትን አያ ደምሴን አወቅኳቸው፤ የአማቴ የድንበር ጎረቤት ናቸው። ምን እግር ጣለዎት ብላቸው፣ የጠፋ አህያ ፍለጋ ነው አሉኝ። አህያው አጠገባቸው ቆሟል። ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ማዳበሪያውስ? እሱማ ብርድ ስለሆነ ሊቀመጥበት ነው። አልተቀመጠበትም።

የሰንበቴው ደንብ «ያገባ ያወጣል» ይላል። ማንም አባል ተነሥቶ «ያገባሁትን ስጡኝ» ማለት ይችላል። እስከ ዛሬ ማንም አላለም። ያን ቀን ሁሉም ሊል መጥቶ ሁሉም አፍሮ ተቀምጧል። ቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ኋላ መቅረት ደግሞ ራብ ነው። ስለዚህ አንዱ አንዱን ይጠብቃል። አንድ ሰው ብቻ አፉን ቢከፍት፣ ጎተራው ሞልቶ የፈሰሰ ቢሆን እንኳ፣ ከመምሸቱ በፊት ወለሉ ይጠረጋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸ ነው። በመጽሐፋችን ውስጥ ባንክ በእንዲህ ዓይነት ቀን እንዴት እንደሚወድቅ ተጽፏል፤ ዝም ብሎ እንደሚወድቅ ግን አልተጻፈም። እኔ ግርግር የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ይህን ዝምታ ከምሰማ ግርግሩን በመረጥኩ።

ጎተራው ሥር፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ የተቀመጠች አንዲት ሴት አለች። እትዬ አለምነሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ማሳዋን በሰው ጉልበት እያሳረሰች ትኖራለች፤ ባለፈው መከር ዋዜማ በረዶ መትቶባት አንድ ቁና እንኳ አላነሣችም። ሰኔ ላይ ከጎተራው ዘር ከሚወስዱት አንደኛዋ እሷ ናት። ከሁሉም ሰው እሷ ብቻ ማዳበሪያ አልያዘችም። አንቺስ አልኳት።

«ምን ላደርገው መምህር?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «እነሱ ያገቡትን ሊያወጡ ነው። እኔ ያገባሁት የለኝ፣ በረዶው ወሰደብኝ። እኔ ያለኝ ሰኔ ነው። ዛሬ ይኸን ከወሰዱት ሰኔም የለኝ። በሬዬን ሸጬ እበላለሁ፣ መሬቴን ለእኩል እሰጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምወድቅ እሱ ያውቃል።»

ታዲያ ለምን መጣሽ አልኳት። «ሲወስዱት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እንዲወስዱት ነዋ» አለች። ይህን ስትል ከጉሙ ውስጥ ብዙ ጋቢ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ማንም ግን አልተነሣም፤ የሄደም የለም።

ቤት ስገባ አማቴ መደብ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመዋል። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ተልባ በማር እየሰጠቻቸው ነው። ነገሩን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ወጥተው ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ቢነቀንቁላቸውስ አልኩ። «ጧት ወጥተው ነቅንቀው ነበር እኮ» አለች፤ «በጉሙ ውስጥ ማን በደንብ ያያል? ግማሹ ላይ ታች ነው አለ፣ ግማሹ ግራ ቀኝ ነው አለ። ይባስ።» እንግዲያውስ ይከፈትና ሁሉም ይይ፣ ግልጽነት የሚባል ነገር አለ፣ የሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ መናገር ጀመርኩ። አማቴ ቀስ ብለው ግራ ጆሯቸውን አዞሩልኝ።

ከዚያ ተነሡና ከጥግ መቋሚያቸውን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ እንዳልገባኝ ለመሆንም ሞከርኩ። ወንድ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ እኔ የተማርኩ ነኝ፤ አማች ነኝ፤ ከዚያ ጎተራ የማወጣው አንድም ፍሬ የለኝም። ሰው የሚያምነው ይኸን ዓይነቱን ነው። እኔን ግን ማን ያሳምነኝ? ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ሆኖ «የለም» ብል አለምነሽን የምገድላት እኔ ነኝ። ባዶ ሆኖ «አለ» ብል ደግሞ ሰኔ ላይ ማዳበሪያዋን ይዛ ስትመጣ ያንን ዓይኗን የሚያየው ማን ነው? ለተማሪዎቼ ማዕከላዊ ባንክ ቃሉን ሲሰጥ ይጠነቀቃል እያልኩ ሳስተምር፣ ቃል የሚሰጠው ሰውዬ መቋሚያውን ለማን ልመልስ ብሎ ዙሪያውን እንደሚያይ ማንም አልነገረኝም። አማቴን «ግን እኮ እኔ አላምንበትም» አልኳቸው። በቀኝ ጆሯቸው ነው የሰሙኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ በሩ ገፉኝ።

መቋሚያውን ይዤ ስወጣ ድንጋዮቹ ሁሉ ተነሡ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ፊታቸው አይታይም፤ ቁመታቸው ብቻ ይታያል። እትዬ አለምነሽ ከግድግዳው ፈቀቅ አለችልኝ። የተቀመጠችበት ቦታ ደረቅ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ረጥቧል።

አንኳኳሁ። በአብ። በወልድ። በመንፈስ ቅዱስ። ቀኝ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ግድግዳው ይቀዘቅዛል። እህል የሞላ ጎተራ ድፍን ድምፅ አለው፤ ባዶው ያስተጋባል፤ ይህን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ዳባት ያደግኩ ነኝና አውቀዋለሁ። እኔ የሰማሁት ግን ሁለቱንም አይደለም። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። እንደዚያ ያለ ምንም ሰምቼ አላውቅም፤ የራሴ ደም ሲዘዋወር ብቻ ይሰማኛል። ጆሮዬን ላነሣ ስል፣ ከውስጥ፣ ልክ ጆሮዬ ባለበት፣ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ። ጨዋ እንግዳ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳው።

አይጥ ነው አልኩ በልቤ። አይጥ ግን ይቧጭራል እንጂ ተራውን ጠብቆ አያንኳኳም። እህሉ ሲቀመጥ፣ ሲረጋ ነው አልኩ። ከመከር ወዲህ የረጋ እህል ዛሬ ምን ያስነሣዋል? ሮጬ ገደሉን ለመውረድ ትንሽ ነው የቀረኝ። ያስቀረኝ እትዬ አለምነሽ ናት። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም እሷ ብቻ ከአጠገቤ አፌን እያየች ነበር።

«አለ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ከፍርሃት ይሁን ከእምነት እስካሁን አላወቅኩም። እንደ ውሸት ይቆጠርብኛልም አልልም። የሆነ ነገርማ አለ።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ፊት የሌላቸው ድምፆች፣ አንድ ላይ «ይኑር» አሉ። ወዲያው ሰዉ መተንፈስና ማውራት ጀመረ። ማዳበሪያ ሁሉ ከብብት ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ጋቢ ሥር ገባ። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣው ሰው በሽተኛውን ሊጠይቅ ገባ። አያ ደምሴ የአህያቸውን ጀርባ እየደበደቡ «ይኸው አገኘሁት እኮ!» አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎ አልኳቸው። እትዬ አለምነሽ ስትሄድ የጎተራውን ግድግዳ በመዳፏ ነካ አድርጋ ጣቶቿን ሳመች። እኔ እጄን በብረት አስረው ቢጎትቱኝ እንኳ አልነካውም ነበር።

ደባርቅ ላይ የገብስ ዋጋ ተመለሰ። ዋጋ ሲወጣ በሩጫ፣ ሲወርድ በምርኩዝ ነውና ሦስት ገበያ ፈጅቷል። ተማሪዎቼ ፊት ስቆም ግን፣ በአንዲት ቃል ገበያ ያረጋጋሁ ሰው ነኝና፣ ደረቴ ትንሽ ወጣ ማለቱን አልደብቃችሁም። ማታ ማታ ደግሞ ቀኝ ጆሮዬን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ እተኛለሁ።

ሰኔ ገባ። አማቴ ድምፃቸው ተመልሷል፤ ትንሽ ሻካራ ሆኗል እንጂ። ጎተራው የሚከፈት ቀን እኔም ወጣሁ። ባልወጣ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አማቴ ከታች ያለውን አፍ የደፈነውን ጭቃ በመጥረቢያ ነካ ነካ አድርገው አነሡት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልወጣም። ከዚያ ገብሱ ፈሰሰ። ወፍራም፣ ነጭ፣ ነቀዝ ያልነካው ገብስ። እትዬ አለምነሽ ማዳበሪያዋን ዘርግታ ጠበቀች። ዛሬ ይዛ መጥታለች። ሲሞላላት በሁለት እጇ አፈስ አድርጋ አሸተተችውና «መጣህልኝ» አለች። ለገብሱ ይሁን ለሰኔ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ፤ ጉሙ ነው ብዬ ጠረግኩት። በረዶ የመታቸው ሌሎቹም ድርሻቸውን ወሰዱ። በዚያው ሳምንት የአለምነሽ ማሳዎች ታርሰው ተዘሩ።

ሁሉም ከወሰዱ በኋላ ገብሱ ገና እየፈሰሰ ሳለ አማቴ አፉን ደፈኑት። የቀረውስ አልኳቸው። «እሱ የኛ አይደለም» አሉ። የማን ነው ብላቸው ግራ ጆሯቸውን አዞሩልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልቻልኩም። በቀኛቸው በኩል ዞሬ፣ ያን ቀን የሰማሁትን ነገርኳቸው። አንኳኩቼ እንዳዳመጥኩ፤ ከውስጥም አንድ ጊዜ እንደተንኳኳ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በየትኛው ጆሮህ ነው ያዳመጥከው?» አሉኝ።

በቀኙ ነው አልኳቸው።

«እሱ ይሰማል?»

አዎ፣ ደህና ነው፣ ሁለቱም ይሰማሉ አልኳቸው።

«አይ ልጄን!» አሉ፣ መቋሚያውን መሬት ላይ እየተከሉ። «ማን በሚሰማ ጆሮ አዳምጥ አለህ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያዳመጥኩት በግራው ነው።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ስንት ዘመን ሕዝብ ትንፋሹን ይዞ የጠበቀው ጆሮ ደንቆሮ ኖሯል! እንዲህ ከሆነ ጎተራውን ማዳመጥ ለምን አስፈለገ አልኳቸው። አማቴ አልሳቁም። አባታቸው፣ የቀድሞው ሙሴ፣ በሁለቱም ጆሮ ይሰሙ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ እሑድ አንኳኩተው፣ ከወትሮው ረዘም አድርገው አዳመጡ፤ ቀና ብለውም እንደ ደንባቸው «አለ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እስኪሞቱ ድረስ ለጎተራው ጀርባቸውን ሰጥተው አልተቀመጡም። በማግሥቱ ወንድ ልጆቻቸውን ሰብስበው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማን ጎበዝ ነው፣ ማን ታማኝ ነው አላሉም። «ከእናንተ መሐል የማይሰማው የትኛው ነው?» ነው ያሉት።

ዛሬም ስለ ማዕከላዊ ባንክ አስተምራለሁ። ተግባራቱ አልተለወጡም። አንዳንድ ቀን ሬዲዮ ስንሰማ አንድ ትልቅ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ መጠባበቂያው በቂ ነው፣ አትደንግጡ ይላል፤ የሥራ ባልደረቦቼም እውነቱን ነው፣ ውሸቱን ነው እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰውዬው ከመናገሩ በፊት በየትኛው ጆሮው እንዳዳመጠ ነው። ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ ሸፈን አድርጌ፣ አምላኬ ሆይ፣ በማይሰማው ይሁን እያልኩ እጸልያለሁ።